አባ ንቃና ማዶ ያልደረሰው ጩኸት

ስሙ! የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ። የሚያንቀላፋ ካለ አጠገቡ ያለው ይቆንጥጥልኝ፤ ተረቴ ለሚያንቀላፋ አይሆንም።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ገደልም ለጠራው ሁሉ «አቤት» በሚልበት ዘመን፣ ሽኮኮዎች በአንድ አምባ ላይ ይኖሩ ነበር። ጥቂት ነበሩ። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ ሁሉንም አንድ ቋጥኝ ይበቃቸው ነበር።

በዚያ ቋጥኝ አናት ላይ አንድ ሽማግሌ ሽኮኮ ይቀመጡ ነበር። አባ ንቃ ይባላሉ። ሥራቸው ሰማይ ማየት ነው። ሌላው ሣር ሲግጥ እሳቸው ሰማይ ያያሉ፤ ሌላው ሲደግስ እሳቸው ሰማይ ያያሉ፤ ሌላው ሲያንቀላፋም እሳቸው ሰማይ ያያሉ። ንስር ብቅ ሲል «ንስር መጣ! ግቡ!» ብለው አንዴ ይጮኻሉ። ያን ጊዜ አምባው ጭር ይላል፤ ንስርም ባዶ ጥፍሩን አንጠልጥሎ ይመለሳል። ይህን ሥራ ከአባታቸው ወረሱ፤ አባታቸውም ከአያታቸው። በአባ ንቃ ዘመን ንስር የበላው ሽኮኮ አልነበረም። እሳቸው ይህን አይናገሩትም፤ ሌላው ሲናገረው ግን ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው፣ እንዳልሰማ ሆነው፣ እስኪጨርስ ይሰሙታል።

ከዚያ ደግ ዘመን መጣ። ዝናቡ በጊዜው ዘነበ፤ ሣሩ ለመለመ፤ ነብሩም አገር ለቆ ሄደ። ሽኮኮዎች ሆዬ ምን ሥራ አላቸው? ወለዱ። የተወለደው ወለደ፣ እሱ የወለደውም ወለደ። ቋጥኙ ሞላ። ከቋጥኙ ሥር ያለው ዋሻ ሞላ። ወይራው ሥር ሞላ። የተረፉት ወይራውን አልፈው፣ ቁልቋሉን አልፈው፣ ተረተሩን ይዘው ወዲያ ወዲያ እያሉ ሰፈሩ። የመጨረሻውን ሰፈር «ማዶ» አሉት። ሣሩ ማዶ፣ ሙሽራው ማዶ፣ ጨዋታውም ማዶ ሆነ።

የአባ ንቃ የልጅ ልጅ ድንቡሼም አግብታ ማዶ ገባች። እናቷ ስትሞትባት በጀርባቸው አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ስትሄድ «አይዞሽ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አሏት። እሷም አምናቸው ሄደች።

አንድ ቀን ንስር መጣ። አባ ንቃ ጮኹ። ቋጥኙ ላይ ያሉት ገቡ፤ ወይራው ሥር ያሉት ገቡ። ማዶ ግን ፀሐዩን መሞቁን ቀጠለ። ንስር ወረደና የድንቡሼን ጎረቤት አንሥቶ ሄደ።

ለቅሶ ሆነ። አባ ንቃ አመሻሽ ላይ፣ ንስር ወደ ጎጆው ከገባ በኋላ፣ እያነከሱ ማዶ ደረሱ። ድንቡሼ ከለቀስተኞቹ መካከል ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

«አያቴ፣ አልጮኹም እንዴ?»

«ጮኼ ነበር ልጄ።»

«እኛ አልሰማንም።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር። ሆዷ ገፍቷል፤ ልትወልድ ቀርባለች። አባ ንቃ ያንን ሆድ አዩና ብርድ ብርድ አላቸው።

ወደ ቋጥኛቸው ተመልሰው ሲቀመጡ ቋጥኙ አጉረመረመ። «ዛሬ ምን በልተህ ነው? ከበድከኝ!»

«ቋጥኜ፣ ጩኸቴ አጠረ።»

«አላጠረም። ከልጅነትህ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያው ነው። አገሩ ነው የረዘመው።»

«አገሩን ማሳጠር አልችልም፤ ጩኸቴን ላስረዝም» አሉ አባ ንቃ። ድንጋይ ምን ያውቃል ብለው ነው።

በማግስቱ ጤና አዳም አኘኩ፤ ከንብ ለምነው ማር ላሱ፤ ጉሮሯቸውን አሟሹና ጮኹ። ጩኸቱ ወይራው ደረሰ። ደግመው ጮኹ፤ ቁልቋሉ ደረሰ። ሦስተኛውን ጊዜ ዓይናቸው እስኪፈጥ፣ የአንገታቸው ሥር እስኪገተር ጮኹ። ያኔ ድምፃቸው ጭልጥ ብሎ ጠፋ። እስኪመለስላቸው ድረስ ያ ሁሉ ሽኮኮ ቀኑን ከዋሻ ሳይወጣ ዋለ፤ በረሃብም አለቀሰ። የሚጠራ የለማ!

ድምፃቸው ሲመለስ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄዱ። የገደል ማሚቶን ጠሯት።

«እመቤቴ፣ ጩኸቴን ማዶ አድርሺልኝ!»

«አድርሺልኝ... ሺልኝ... ልኝ...»

«አትቀልጂ፣ የልጅ ልጄ ልትወልድ ነው!»

ይህን ስትሰማ የገደል ማሚቶ ቀልዷን ተወች። «አባ ንቃ፣ ባደርስልህ ደስ ባለኝ። ግን እኔ መላሽ እንጂ አድራሽ አይደለሁም። የጮኸውን ለራሱ ለጮኸው መመለስ ነው ሙያዬ። ማድረስ ከፈለግህ ጩኸትህን ለሌላ የሚያቀብል ፈልግ።»

አባ ንቃ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። የነገረቻቸውንም በአንድ ጆሮ ሰምተው በሌላው አፈሰሱት።

በመጨረሻ ሽኮኮዎች ሁሉ ለምክር ተቀመጡ። ደንብ አዋቂዋ እመት ጥርሴ ሁለት ረጃጅም ጥርሶቻቸውን አሳይተው ተነሡ።

«ምን ያማክረናል? ጩኸት ማዶ ካልደረሰ፣ ማዶ ወደ ጩኸት ይምጣ! አያቶቻችን የኖሩበት ቋጥኝ ለእናንተ ምን አነሰው?»

ደንብ ነውና ሁሉም ተመለሰ። ወይ መከራ! ሣሩ ወዲያው አለቀ። ቁንጫ ከዚያኛው ወደዚህኛው እንደ ገበያተኛ ይመላለስ ጀመር። ባል የሚስቱን ጆሮ ይረግጣል፤ አማች በአማቱ ራስ ላይ ይቀመጣል። ሽኮኮ ጭራ ስለሌለው ነው እንጂ ያልተረገጠ ጭራ ባልተገኘ ነበር። ቋጥኙ ደግሞ «ወገቤን! ወገቤን!» እያለ ይጮኻል።

በግርግሩ ድንቡሼን አንዱ ሆዷን ገፈተራት። እሷም ተነሣች።

«አያቴ፣ እዚህ በወገኔ ተረግጬ ከምሞት እዚያ ንስር ቢበላኝ ይሻለኛል። ማዶ ሄጄ እወልዳለሁ። አይቀየሙኝ።»

አባ ንቃ «ተይ» ማለት ፈለጉ። ማን ሊጠብቃት «ተይ» ይሏታል? እሷ ሄደች፤ ማዶም ሁሉ ተከትሏት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ አባ ንቃ ቀን ሰማዩን ያያሉ፤ ሲመሽም ከቋጥኙ አይወርዱም። እህል አልበላ አላቸው። «ልጄን አይዞሽ ብዬ ለንስር ላክኋት» እያሉ ለቋጥኙ ያለቅሳሉ። ቋጥኙም ፀሐይ ያሞቀውን ጀርባውን ይሰጣቸዋል።

አንድ አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከወይራው ሥር ጭብጨባ ተሰማ። ዘፈን ነበር። ከቋጥኙ ሥር ያሉትም ተቀብለው አዜሙ።

«ሰማይ ሰማይ ሲያዩ አንገትዎ ዛለ፣
ዝቅ ብለው ይዩ፣ ጨቅላ እዚህ አለ።»

አባ ንቃ ከቋጥኙ ጫፍ ወደ ታች አጎነበሱ። «እናንተ! የማን ግጥም ነው?»

«የድንቡሼ ነው አባ ንቃ! እንኳን ደስ ያለዎት፣ በሰላም ተገላግላለች። አራሷ ራሷ ናት ያወጣችው።»

«ድንቡሼ እዚህ መጥታለች?»

«ምን ልትሠራ? እሷ ማዶ ሆና አወጣች፤ ማዶ ተቀበለ። ከማዶ ቁልቋሎች ተቀበሉ፤ ከቁልቋሎች ወይራዎች ተቀበሉ፤ ከወይራዎች እኛ ተቀበልን። ዘፈን ነው እኮ! መቀበል የማያውቅ አለ?»

አባ ንቃ ደስታው ይቅደም፣ ግርምቱ ይቅደም፣ አላወቁም። የአራስ ድምፅ! እንደ ክር የቀጠነች የልጅቷ ድምፅ እዚህ ደረሰች፤ የእሳቸው ጩኸት ማር ልሶ፣ ጤና አዳም አኝኮ እዚያ መድረስ አቃተው። የገደል ማሚቶ ያለቻቸው አሁን ገና ትዝ አላቸው። እየሳቁ አለቀሱ።

በነጋታው ምክር አስጠሩ። «ተቀባይ እንሹም» አሉ። «እኔ ንስር ሳይ እጮኻለሁ፤ ወይራው ሥር አንድ ተቀባይ፣ ቁልቋሉ ሥር አንድ ተቀባይ፣ ማዶም አንድ ተቀባይ ይኑር።»

እመት ጥርሴ እንደ ልማዳቸው ተነሡ። «አይሆንም! ጠሪ አንድ ነው። በአያቶቻችን ዘመን ሁለት ጠሪ ተሹሞ አንዱ ‹ወደ ዋሻ› ሲል ሌላው ‹ወደ ዛፍ› አለ። መንገድ ላይ ተላትመን ስንት አለቅን! ረሱት?»

«አልረሳሁም። እመት ጥርሴ፣ በእርስዎ ሠርግ ዘፈን ያወጣው ስንት ሰው ነው?»

«አንድ ነው እንጂ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«የተቀበለውስ?»

«አገሩ በሙሉ!»

«ተቀባዩ የራሱን ግጥም ይጨምር ነበር?»

«ከጨመረማ ዘፈኑ ይበላሻል።»

«እንግዲያው ጠሪ አንድ ነው፤ ደንቡ አልፈረሰም። ተቀባይ ብቻ በዛ።»

እመት ጥርሴ ጥርሳቸውን በመዳፋቸው እየሻሹ አሰቡ። ከዚያ «ይህንማ እኔም ልለው ነበር» ብለው ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን ጉድ ሆነ። አባ ንቃ «ንስር መጣ! ግቡ!» አሉ። ወይራው ሥር የተሾመው ወሬ ወዳዱ ጉልቤ ነበርና «ንስር ከነቤተሰቡ መጣ!» አለ። ቁልቋሉ ሥር ያለው «ንስር ዘመዶቹን አስከትሎ መጣ!» አለ። ማዶ ሲደርስ «ብዙ እንግዳ መጣ!» ሆነ፤ ማዶም ሊቀበል ግልብጥ ብሎ ወጣ። ደግነቱ ያን ቀን ንስር አልነበረም። ጉልቤን ሻሩትና በምትኩ ቃል ቆጣቢ የሆነች መበለት ሾሙ። ደንብም ተጨመረ፤ ተቀባይ የሰማውን ያንኑ ይበል፣ ማዶም ሲደርሰው «ገባን» ብሎ ይመልስ ተባለ። ተለማመዱ፤ ደግመው ተለማመዱ።

ከዚያ እውነተኛው ንስር መጣ። ተንኮለኛ ነውና ቋጥኙን እንዳላየ ትቶ፣ በተራራው ጀርባ ዞሮ ወደ ማዶ አቀና። ማዶ ድንቡሼ አራስ ልጇን ታቅፋ ፀሐይ ላይ ተኝታለች።

ከተራራው ጀርባ ብቅ ሲል አባ ንቃ አዩት። እንደ ጥንቱ አንዴ ብቻ፣ በልካቸው ጮኹ።

«ንስር መጣ! ግቡ!»

«ንስር መጣ! ግቡ!» አለች መበለቲቱ ከወይራው ሥር።

«ንስር መጣ! ግቡ!» አለ የቁልቋሉ ተቀባይ።

ከዚያ ወዲያ ያለው አይሰማም። ንስር ክንፉን አጥፎ ወረደ፤ ከተረተሩ ኋላ ጠፋ። አባ ንቃ ጠበቁ። «ቋጥኜ፣ ያዘኝ» አሉ።

ከሩቅ፣ ከቁልቋሉ በኩል አንድ ድምፅ መጣ። ከወይራው ሥር መበለቲቱ ተቀብላ፣ አንድም ቃል ሳትጨምር፣ ወደ ላይ አስተላለፈች።

«ገባን!»

ንስርም ከተረተሩ ኋላ ባዶ ጥፍሩን አንጠልጥሎ ወጣ። አባ ንቃ ቋጥኙ ላይ ዘፍ አሉ። እፎይ አሉ፤ የስንት ዘመን እፎይታ ነበር።

«ዛሬስ ቀለልከኝ» አለ ቋጥኙ።

ከዚያ በኋላ የጠሪነቱም ሥራ በተራ ሆነ። ተረኛው ቋጥኙ ላይ ሲቀመጥ አባ ንቃ በቀን ብርሃን ማዶ ወረዱ። ሰማዩን ሳያዩ ሲሄዱ የመጀመሪያቸው ነበር። ድንቡሼ ልጇን አንሥታ ሰጠቻቸው። ዝቅ ብለው አዩት፤ ዓይኖቹ ገና ሰማይ አላወቁም። «አያቴ፣ ቀና ብለው አያዩም?» አለቻቸው እየሳቀች። «ዛሬ የሚያይልኝ አለ» አሉና ጨቅላውን ሳሙት።

ልጆቼ፣ አገር ሲሰፋ ጉሮሮ አብሮ አይሰፋም፤ ተቀባይ ይብዛ።

አወጣሁላችሁ፣ እናንተ ተቀበሉኝ፤
ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ውሃ አቀብሉኝ።