ሃያ ሁለት ጥቁር ሽቦ

አንድ ሰው ነበረ። በአንዲት ቆላ ከተማ የውሃ ፓምፕ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። የፓምፑ ሳጥን ሲከፈት ሃያ ሁለት ሽቦ ነው፤ ሁሉም ጥቁር። የትኛው ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ውሃ ሲጠፋ ሰው በሩ ላይ ቆሞ "ጋሼ አሉ?" ይላል። ይህች ጥያቄ ታጠግበው ነበር።

ኋላ ወይንሸት የምትባል፣ ሙያውን ተምራ የመጣች ሴት ተቀጠረች። ስለ ሽቦዎቹ ጠየቀችው። ግማሹን እያጉረመረመ አሳያት፤ ግማሹን ሲሠራ አይታ ያዘች። ነጭ ፕላስተር እየቆረጠች በየሽቦው ጠቀለለችና ጻፈችበት። እሱ መነጽሩን አውጥቶ አንዱንም አላነበበም። የሚያውቀውን ምን ብሎ ያንብብ?

አንድ ቀን ውሃ ጠፋ። አንዲት እናት ጀሪካን ይዛ መጣች። እሱ በሩ ላይ ቆሟል።

"ወይንሸት አለች?" አለችው።

ምን አደረገ? ቅዳሜ ብቻውን ሲቀር ፕላስተሩን ሁሉ ላጠ። ኮቱ ኪስ ከተተው። አሁን ማንን እንደሚጠሩ እናያለን አለ በልቡ።

ሰኞ ፓምፑ ቆመ። እሱን ደግሞ ወባ ጥሎታል። ወይንሸት ሳጥኑን ብትከፍት ሁሉም ጥቁር። በግምት ብትነካ ሞተሩ ይቃጠላል። ጤና ጣቢያው ሳይቀር ውሃ አጣ። በማግስቱ ቤቱ ድረስ ሄደች።

"ጋሼ፣ ጽሑፌን አይጥ በላብኝ። እንደገና ያሳዩኝ።"

ሚስቱ ኮቱን ልታጥብ ኪሱን አራግፋ ነበር። ፕላስተሮቹን በሰሃን አመጣች።

"አይጡ ኮት ለብሶ ነው የመጣው፣ ልጄ" አለች።

ሰውየው ወደ ግድግዳው ዞረ። ወይንሸት እያላቀቀች አነበበች።

"የላይኛው ታንከር። ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሰው። ሁለተኛው ሞተር። ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሰው።"

ሃያ ሁለቱም ላይ ስሙ ነበረ።

ሰውየው ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ተነሳ። "ደግፊኝ። እንሂድ" አለ።

እናንተ በሥራ ቀድማችሁ የመጣችሁ፣ ይህ ሰው የፈራው ምን ነበር? ስሙ እንዳይጠፋ። ስሙን የላጠው ማን ነው? ቅናት አያነብም፤ ይልጣል እንጂ። ከእናንተ በኋላ የመጣው ሰው ስለ እናንተ ምን እንደጻፈ አንብባችኋል? ወይስ ሌላ ሰው ሲጠራ ሰምታችሁ እጃችሁ ለመላጥ ቀደመ?

ዛሬ ቤት ስትገቡ ኪሳችሁን ራሳችሁ አራግፉት። ሌላ ሰው ሳያራግፈው።