የጥላና የገንቦ ጠጠሮች

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ ቀጸላ በድንገት።

ምንተስኖት የጠየቃቸው ስለ ሰው አልነበረም። ሁለቱ የሚሠሩት በሐኪም ቤት ለበሽተኛ መድኃኒት እየመጠነ ለሚሰጥ ማሽን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ጋሽ ቀጸላ የማሽኑን ሁለት ሰዓቶች በኮዱ ውስጥ ለየብቻ ዓይነት፣ እንዳይደባለቁ የየራሳቸው መለያ፣ ስጣቸው እያሉ ወጣቱን መድረሻ አሳጥተውታል። «ሁለቱም ቁጥር አይደሉም እንዴ፣ ጋሼ? ቁጥር ቁጥር ነው። ለምን እንለያቸዋለን?» ነበር ያላቸው። እሳቸውም ወንበራቸውን ከስክሪኑ አዙረው እንዲህ ሲሉ አወሩለት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ ነው። ሚስቱን ከነፍሱ አብልጦ ይወዳት ነበር። በአንድ በጋ ታመመችና ጠናባት። መድኃኒት አዋቂ መጥቶ የሥር ጭማቂ አስቀመሳት፤ ታቹ የተበሳ ገንቦም ውሃ ሞልቶ ጓዳ ውስጥ ሰቀለ። «ይህ ገንቦ አምስት ጊዜ ተንጠባጥቦ ሳያልቅ ሁለተኛውን እንዳትሰጣት። ቀድመህ ከሰጠሃት የሚመጣውን እኔም አልመልሰውም» ብሎት ሄደ። ገንቦው ባለቀ ቁጥር ሰውየው አንድ ጠጠር ቅል ውስጥ ይጥልና እንደገና ይሞላዋል።

በዚያ አገር የመስኖ ውሃ የሚከፋፈሉት ደግሞ በጥላ ነው። አንተ ሰዓት የምታየው ስልክህ ላይ ነው፤ እነሱ ፀሐይ ላይ ቆመው የገዛ ጥላቸውን በእግራቸው ይለካሉ። ሰውየውም ጥላው ስንት እግር እንደሆነ እንዳይረሳ ያንኑ ያህል ጠጠር ይይዛል። ጥላ ያጥራል፣ ተመልሶም ይረዝማል፤ ጠዋት ያሳየህን ቁጥር ከሰዓት በኋላ መልሶ ያሳይሃል። ገንቦው ግን ወደ ኋላ አይልም። ሰውየው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ቢሆንም የሁለቱንም ጠጠር ከአንድ ወንዝ ለቅሞ አንድ ቅል ውስጥ ነበር የሚጥለው። «ጠጠር ጠጠር ነው፤ የትኛው የምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ» ይል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ክፉኛ አቃሰተች። ሰውየው በድንጋጤ ቅሉን መሬት ላይ ገለበጠው። ቆጠረ፤ አምስት ሞልቷል። ገንቦው ያለቀው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። የቀሩት የጥላ ጠጠሮች ናቸው። መድኃኒቱን አጠጣት።

አልሞተችም። ወዲያው ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ትኩሳቱም ለቀቃት። ሰውየው በደስታ ሊያለቅስ ሲል «ከወንዙ ማዶ ናት፣ እዚያ ፈልጓት» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ጥቂት ቆይቶ ጎረቤታቸው ከደጅ ተጣራ፤ ጊደሩ ጠፍታበት ኖሯል። ከወንዙ ማዶ አገኛት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መልሷ ከጥያቄው ይቀድም ጀመር። «ጨው በዝቶበታል» ትላለች ወጡ ሳይቀርብ። «አዎ፣ ዘግቼዋለሁ» ትላለች፤ ሰውየውም ትንሽ ቆይቶ በሩን ዘግታው እንደሆነ ይጠይቃታል። ባይጠይቃት ምን እንደሚመጣ ስላላወቀ ሁልጊዜም ይጠይቃት ነበር። ሲጠይቃት ግን ዝም ትላለች፤ መልሳለችና።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከእርሻው ሲመለስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ግቢው መሀል አገኛት። ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች። የምትጠራው የሱን ስም ነው። ፊቷ ቆሞ «አለሁ! እዚህ ነኝ፣ እዪኝ!» አላት። ዓይኗ እሱ ላይ አላረፈም።

ልቅሶው ሲያልፍላት አጠገቧ ተቀመጠ። «ስንት ቀረኝ?» አላት።

ዝም አለች።

ያን ጊዜ ጠዋት የሆነው ትዝ አለው። እጁን ስታስታጥበው «ሦስት» ብላው ነበር። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም ነበርና ስቆ አልፎታል።

«ሦስት ምን?» አላት። አሁንም ዝም አለች። ጠዋት ያለችውን ቃል በቃል አስታወሰ። ከዚያች ከአንዷ ቃል በቀር ያለችው ነገር አልነበረም።

ሰውየው ተነሥቶ ጠጠሮቹን በሙሉ ወንዝ ጣላቸው። ከዚያ ቀንድ እየቆረጠ ቀለበት ሠራ፤ ጥላውን የሚቆጥረው ክር ላይ በሚሰካው ቀለበት ብቻ ሆነ። አሁንም ጓዳ ውስጥ እየሞላ ለሚያንጠባጥበው ገንቦ ድቡልቡል ጠጠር ለቀመ፤ ማስቀመጫውም አፈ ጠባብ ቅል ሆነ። ጠጠሩ ክር ላይ አይሰካም፤ ቀለበቱም በቅሉ አፍ አይገባም። ከእንግዲህ ቢደክመውም፣ ቢደነግጥም፣ እንባ ዓይኑን ቢጋርደውም እጁ ራሱ እንቢ ይለዋል። መልካም ሥራ ነበር፤ ግን ዘገየ። የሚስቱን ሦስት የት ያስቀምጠው? ክሩ ላይ ነው ወይስ ቅሉ ውስጥ? ጥላው ወደ ሦስት እግር ሲጠጋ ሮጦ ቤት ይገባል፤ ገንቦው ለሦስተኛ ጊዜ ሲያልቅ ትንፋሹን ይውጣል። ሦስት መከርም ሊሆን ይችላል። ባልና ሚስቱ እንዲህ ሆነው ኖሩ።

ጋሽ ቀጸላ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙ።

«ታዲያ መቼ ሞተ?» አለ ምንተስኖት።

«ሦስት ሲሞላ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄ መልስ ነው?»

«አይደለም! ማሽኑም ካንተ የሚሰማው ይህንኑ ነው። አየህ ልጄ፣ የቀኑ ሰዓት ጥላው ነው፤ ከኔትወርክ ሲታረም ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ ስንት እንዳለፈ የሚቆጥረው ደግሞ ገንቦው ነው። አንተ የሁለቱንም ጠጠር አንድ ቅል ውስጥ እየጣልክ አውቃቸዋለሁ ትለኛለህ። ዛሬ ታውቃቸው ይሆናል፤ በደነገጥክ ቀን ግን አታውቃቸውም። ለየብቻ ዓይነት ስጣቸውና አንዱን ከሌላው ልቀንስ ስትል ኮዱን ተርጉሞ የሚፈትሸው ኮምፓይለር እዚሁ ወንበርህ ላይ እንቢ ይበልህ። በሽተኛዋ አልጋ አጠገብ እንቢ የሚልህ የለም።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር በጣታቸው ነኩ። ቀጣዩ መድኃኒት ስንት ሲሞላ እንደሚሰጥ የሚወስነው መስመር ነው። ዓይነት ያልተሰጠው 3 ብቻ ተቀምጦበታል።

«ይህ ሦስት የማን ሦስት ነው?» አሉት።

ምንተስኖት ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበ። መስመሩን የጻፈው ራሱ ነበር።