ኖራና የመንገዱ በትር

ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት በምሠራበት ትምህርት ቤት የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ጠፋ ተባለ። ቁልፉ በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ሳገኘው ሰው ሁሉ ተቆጥቶ ስለ ነበር ዝም አልኩ። ዘርፌ የምትባል የጽዳት ሠራተኛ በቁልፉ ምክንያት ከሥራ ተባረረች። ይህን ከተናገርኩ በኋላ ወደ ተረቱ ልግባ፤ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ብረት አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ እንጨትም ሰምቶ በሚመልስበት ዘመን፣ ዝናብ በማያባራባት በአየርላንድ ደሴት ሁለት የእንፋሎት ባቡሮች ነበሩ። አንደኛዋ ኖራ ትባላለች። ሌላው ጋሼ ፊንታን ናቸው። ጋሼ ፊንታን በዚያ ሐዲድ ላይ ከሁሉ ቀድመው የሮጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጭስ ማውጫቸው ረጅም፣ ትንፋሻቸው ሳል የበዛበት። ሁለቱም የሚበሉት ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀ፣ እንደ ኩበት የሚነድ አፈር ነበር።

ከወደቡ እስከ ረግረጉ ማዶ የተዘረጋው ሐዲድ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ባቡሮች ከሁለት በኩል ቢገቡበት መሃል ላይ ይላተማሉ። ስለዚህ አንድ የእንጨት በትር ተቀረጸ። በትሩን የያዘ ይገባል፤ ያልያዘ ቆሞ ይጠብቃል። የደረሰው በትሩን ያስረክባል፤ ቆሞ የጠበቀውም ተቀብሎ ይሄዳል።

አንድ ቀን የረግረጉ ማዶ ጣቢያ ሹም፣ ሚስተር ኮስቴሎ፣ ሁለቱን ባቡሮች ጠራ።

«ከባሕር ማዶ አዲስ ባቡር ታዟል» አለ። «ማደሪያው የሚበቃው ግን ለሁለት ነው። ከእናንተ ቀድሞ ሦስት ጊዜ ያረፈደ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል።»

«ለምን እንዳረፈደስ አይጠየቅም?» አሉ ጋሼ ፊንታን።

«እኔ የማየው ሰዓት ነው» አለ ሹሙ።

ኖራ አንድ ቀን ላም ሐዲዱ ላይ ተኝታባት አረፈደች። ሌላ ቀን እርጥብ አፈር በልታ ሆዷ አልሞቅ አላትና አረፈደች። ጋሼ ፊንታንም በሳላቸው ምክንያት ሁለት ጊዜ አረፈዱ። ለሁለቱም አንዳንድ ቀራቸው።

ሐሙስ ጠዋት ኖራ በትሩን ይዛ ከወደቡ ረግረጉ ማዶ ደረሰች። ስትቆም ነቅነቅ አለችና የተጫነው የማገዶ አፈር ክምር ተንዶ በትሩን ቀበረው። ነጂዋ ዶናል ኪሱን ዳበሰ፣ ከእግሩ ሥርም አየ፤ በትሩ የለም።

«ማርያምን! አሁን እጄ ላይ ነበረ!» አለ።

ጋሼ ፊንታን ሰው ጭነው፣ እንፋሎታቸውን ሞልተው ይጠብቃሉ። ከመንገደኞቹ አንዲት ሴትዮ በመስኮት ብቅ ብለው «ኧረ ቶሎ በሉ! ገበያ የምወስደው እንቁላል እዚሁ ሊፈለፈል ነው!» እያሉ ይጮኻሉ።

መጀመሪያ ሹሙ መጣ። «ኖራ፣ በትሩን አይተሻል?»

«እኔ የማየው ወደ ፊት ነው» አለች ኖራ።

ቀጥሎ ጋሼ ፊንታን ጠየቁ። «ኖራዬ፣ በትሩን አይተሽዋል?»

«ዶናልን ይጠይቁት እንጂ ጋሼ። የሚይዘው እሱ ነው።»

ሦስተኛ በትሩ ራሱ ተናገረ። «ኖራ! እዚህ ነኝ እኮ! አፌን አፈር ሞልቶታል፤ ካንቺ በቀር የሚሰማኝ የለም። ፊሽካሽን ንፊና ንገሪያቸው!»

«ትንሽ ታገስ፤ አሁን እነግራቸዋለሁ።»

«አሁን ማለት መቼ ነው?»

«የጋሼ መነሻ ሰዓት ሲያልፍ» አለችው።

ሰዓቱ አለፈ። ኖራ አንዴ ተንቀጠቀጠች፤ በትሩ ተንከባሎ ወጣ። «ተገኘ!» አለ ዶናል፤ ሰው ሁሉ ደስ አለው። ጋሼ ፊንታን በትሩን ተቀብለው እያሳሉ ሮጡ። ወደቡ የደረሱት ግማሽ ሰዓት አርፍደው ነው።

ቅዳሜ ወደ ማቅለጫው እንዲሄዱ ተወሰነ። እሳታቸው ስለ ጠፋ በራሳቸው መሄድ አይችሉም። የሚጎትታቸው ሌላ ባቡር ስላልነበረ ከኖራ ኋላ ታሰሩ።

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ኖራ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች።

«ቆይ ልጄ፣ ይሄ ድልድይ ይወዛወዛል። ቀስ በይ» አሏት። ቀስ አለች፤ ሳትነግራቸውም ቀረች።

ዳገቱ ላይ «ጋሼ፣ ያ ነገር...» አለች።

«ትንፋሽሽን ቆጥቢ፤ እኔ ከባድ ነኝ» አሏት። ቆጠበች።

የማቅለጫው በር ሲታይ ግን ድልድይም ዳገትም አልነበረም። «ጋሼ፣ ሐሙስ ዕለት በትሩ የት እንዳለ አውቅ ነበር። ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው።»

ጋሼ ፊንታን ጥቂት አሰቡ። «ለሹሙ ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«እንግዲያው ወደ ኋላ ግፊኝና እንንገረው። ገና አልቀለጥኩም እኮ።»

ኖራም አሰበች። ብትመለስ በእሳቸው ቦታ የምትቀልጠው እሷ ናት። «ጋሼ፣ በትሩ የተሰጠኝ ለመሄጃ ነው። ከመንገድ መመለስን ደንቡ አይፈቅድም» አለች።

«እባክሽ እኔን ሰበብ አታድርጊኝ!» አለ በትሩ።

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?» አሉ ጋሼ ፊንታን።

«ጨንቆኝ ነበር። አሁን ቀለል አለኝ።»

«ደግ» አሉ ጋሼ ፊንታን። በሩም ተከፈተ።

ኖራ ብቻዋን ተመለሰች። በሰዓቷ ስለ ደረሰች ሹሙ አመሰገናት።

የተረቱ ቁም ነገር ይህ ነው፦ ለተበደለው በጆሮው ብቻ የተነገረ እውነት የሚያሳርፈው ተናጋሪውን ነው። እውነቱ መነገር ያለበት ለፈረደው ሰው ነው፣ ያውም ፍርዱን መመለስ በሚቻልበት ሰዓት።

እኔ ዘርፌን ከአራት ዓመት በኋላ ታክሲ ስትጠብቅ አግኝቻት ነገርኳት። ላባረራት ርእሰ መምህር ግን አልነገርኩም። እሱ ጡረታ ወጣ፤ እሷም ወደ ሥራዋ አልተመለሰች። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።