ከኮርቻው ሥር

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መሪጌታ ጥሩነህ፣ ዳምጤ ጥያቄውን ጨርሶ አፉን ሳይከድን።

ዳምጤ ወፍጮ ቤት ያለው፣ ጉልበቱ የሞላ ጎልማሳ ነው። የዚያን እሑድ ነርሶች ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው የጎልማሳውን ሁሉ ደም ግፊት በነጻ ይለኩ ነበር። ሚስቱ ተለክታ እሱንም ብትጎትተው አሻፈረኝ ብሎ መሪጌታ ከተቀመጡበት ዝግባ ሥር መጣ። ጥያቄውም ይህ ነበር፤ ምንም ያላመመው ሰው ልመርመር ብሎ ቢሄድ በራሱ ላይ ማሟረት፣ በሽታን በስሙ መጥራት አይሆንም ወይ? መሪጌታም አዎም አይደለምም ሳይሉ ታሪካቸውን ቀጠሉ።

ይህ ሰው ገበሬ ነበረ። መሬቱ ግን ጭንጫ ስለሆነ ሚስቱንና ልጆቹን የምታኖርለት አንዲት በቅሎው ነበረች። በበጋ በበጋ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ቆላ ወርዶ አሞሌ ጨው ጭኖ ይመለሳል። ያቺ በቅሎ ከሞተች ቤቱም አብሮ ይፈታል። ስለዚህ ይሳሳላታል፤ ራሱ ቆሎ ቆርጥሞ እሷን ገብስ ያበላታል።

ሲራራው አንድ ሕግ ነበረው። ከማደሪያ ሲደርሱ የሚወርደው ጭነቱ ብቻ አይደለም። ኮርቻውም ይወርዳል፣ ከሥሩ ያለው ድብዳብም ይነሣል፣ ባለቤቱም የከብቱን ጀርባ በመዳፉ ይዳብሳል። ይህ ሰው ግን ጭነቱን ያወርድና ኮርቻውን እንዳለ ይተወዋል። ሲጠይቁት ብርድ እንዳይመታት ብዬ ነው ይላል። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነበር። ቁስል የፈለገ ቁስል አያጣም ሲሉ ሰምቶ ነው ያደገው። ደህናዋን በቅሎ ገልጦ ማየት ገጣባን፣ ያን ኮርቻ የሚልጠውን የጀርባ ቁስል፣ ና ብሎ መጥራት መሰለው።

ሰነፍ ግን አልነበረም፤ ይህን ልብ በል። ሌላ የመከሩትን ሁሉ አድርጓል። አንዱ ክታብ እሰርላት አለው፤ አሰረ። ሌላው ቀይ ክር ጅራቷ ላይ ቋጥር አለው፤ ቋጠረ። ከሲራራው አንድ ወዳጁ ደግሞ የጅብ ፀጉር ይበጃታል ቢለው፣ የጅብ ፀጉር ፍለጋ መንደር ለመንደር ዞረ። ኮርቻ ከማንሣት የጅብ ፀጉር መፈለግ ቀለለው።

የሲራራው አለቃ ደጋግሞ ነገረው። ሰውዬውም ያንተ ምክር ከነዚህ ሁሉ ምክር በምን ይበልጣል ብሎ ጠየቀው። ደግ ጥያቄ ነው፤ አለቃውም አልተቆጣም። በወጣትነቱ እሱም እንዳላመነበት፣ ነገር ግን ዕድሜውን በዚያ መንገድ ሲመላለስ የሁሉንም መጨረሻ እንዳየ ነገረው። ክታብ ያሰረውም ያላሰረውም በቅሎውን እኩል ያጣል። ኮርቻ የሚያነሣውም አንዳንዴ ያጣል፤ ገደል አለ፣ ጅብ አለ። በቅሎውን እየሳበ አገሩ የሚገባው ግን ይበልጡን የሚያነሣው ነው። ሰውዬው ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አላነሣም። አለቃውም ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ብሎ ተወው።

ከትልቁ አቀበት ሥር በሰፈሩ ዕለት፣ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ሰውዬው አለቃውን አየው። አለቃው ቃጭል ያሰረችውን፣ ከሁሉ የበረታችውን፣ ሲራራውን የምትመራውን በቅሎ ድብዳብ አንሥቶ ጀርባዋን ይዳብሳል። ሰውዬው ሳቀበት። «ይህቺ እኮ ምንም የላትም» አለው።

«የማየው ምንም የሌላትን ነው» አለ አለቃው ቀና ሳይል። «ያነከሰችውንማ ማንም ያያታል።»

ሰውዬው ወደ በቅሎው ተመለሰ። ገብሷን ትበላለች፣ ጆሮዋን አቁማለች። ቆሞ ሲያያት ልቡ ፈራ። ከዚያ የኮርቻውን ጠፍር ፈታ። ድብዳቡን ሲያነሣ አስቀድሞ ሽታው መጣ። ከአከርካሪዋ ጎን የእንቁላል ያህል ገጣባ ተከፍቷል። በቅሎዋ አንገቷን መልሳ አየችው እንጂ አልተራገጠችም። ያን ሁሉ መንገድ ቁስሏን ይዛ ስትሄድ አንድ ቀን እንኳ አላነከሰችም ነበር። ሰውዬው በቁሙ አለቀሰ።

አለቃው መጥቶ አየና ገና አጥንት አልነካም አለ። በለብ ያለ ውሃ አጠቡላት። ቁስሉን እንዳይጫነው ድብዳቡን በዚያው ትይዩ ቀደው ቀዳዳ አበጁለት። ከጭነቷ እኩሌታውን ባልንጀሮቹ ተካፈሉለት፣ ጥቂቱንም ራሱ በጫንቃው ተሸከመ። የጅብ ፀጉር የመከረው ወዳጁ ግን ድብዳቡን ሳያነሣ በማለዳ አቀበቱን ጀመረ። በቅሎው ከአቀበቱ እኩሌታ ላይ ተንበረከከች፣ አልተነሣችም።

ሰውዬው ከሁሉ ኋላ አገሩ ገባ። ቢሆንም በቅሎውን እየሳበ ነው የገባው። ልጆቹ ከሩቅ ቀድመው ያዩት እሷን ነበር።

መሪጌታ ይህን ብለው ወደ ዳምጤ ዞሩ።

«ዳምጤ፣ ደም ግፊት እንደዚያ ገጣባ ነው። ገብስህን ትበላለህ፣ ጆንያህን ታነሣለህ፤ እሱም ከኮርቻው ሥር ሥራውን ይሠራል። የሚጥልህ አቀበቱ የመጣ ዕለት ነው። ነርሷ መለኪያውን ክንድህ ላይ ስትጠመጥም ድብዳቡን አነሣች ማለት ነው። ቁስል አትፈጥርም፤ ካለ ታሳይሃለች። የሚመክሩህንም ከልባቸው አንቅተው አላመጡትም። የስንት ሺህ ሰው መንገድ ታይቶ፣ የደረሰው ካልደረሰው ተለይቶ የተገኘ ነው። ጨው ቀንስ፣ አረቄውን ተው፣ ወፍጮ ቤት ተቀምጠህ ከምትውል በእግርህ ሂድ፣ መድኃኒት ከታዘዘልህም ደህና ነኝ ብለህ አታቋርጥ ይሉሃል። ይህ ሁሉ ሸክም ማቅለል ነው። ሞትን ያስቀራል አላልኩህም፤ ገደልም ጅብም አለ። እኔም ጠዋት ክንዴን ሰጥቼ ጨው ቀንሱ ተብያለሁ፤ የትናንቱ ወጥ ከአሁኑ ናፍቆኛል።»

ዳምጤ ወደ ሰልፉ አየ። ሚስቱ ተራ ይዛለት ቆማለች። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መሪጌታ፣ ቢገኝብኝስ?» አላቸው።

«ቢገኝብህማ» አሉ መሪጌታ፣ «ገና ከአቀበቱ ሥር ነህ።»