በሎሚ ውሃ የታጠበው ጠገራ

በግንብ በተከበበች አንዲት አሮጌ ከተማ፣ ከጁምዓው መስጊድ ወደ ከብት ተራ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ አንጥረኛ ይኖሩ ነበር። አላህ ይዘንላቸውና፣ ንግግራቸው ጥቂት፣ ሚዛናቸው የታመነ ነበር። አሮጌ ጠገራ ብር ይገዛሉ፤ አቅልጠው አምባርና ጉትቻ ይሠራሉ። ስማቸው ከግንቡ ውጭ የተሰማው ግን በላዩ የታተመው ፊደል ድርብ የሆነውን ጠገራ ለይተው በማወቃቸው ነው።

በየዓመቱ ከሐጅ ወቅት በኋላ ሳሊም የሚባል የኤደን ነጋዴ ይመጣል። ድርብ ፊደል ያለውን ጠገራ ለሚሰበስቡ ሰዎች ይገዛል፤ ለአንዱ የሚከፍለውም የበቅሎ ዋጋ ነው። ይሁንና ድርብ የሚመስል ሁሉ ድርብ አይደለም። አንዳንዱ ጠገራ የታተመበት ብረት ራሱ ሲቀረጽ ሁለት ጊዜ ተመትቷል፤ ከዚያ ብረት የወጣ ሁሉ ፊደሉ ድርብ ሆኖ ይወለዳል። ሁለቱም ፊደሎች ሙሉ ናቸው፤ በመካከላቸው ቀጭን ስንጥቅ አለ። አንጥረኞቹ ይህን መንታ ይሉታል። የሌላው ማተሚያ ብረት ደህና ነው፤ በሚያትምበት ቅጽበት ተንቀጥቅጦ ፊደሉን ገፍቶ ይደፈጥጠዋል። ከፊደሉ ጎን ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ደረጃ ይቀራል፤ ፊደሉም ይቀጥናል። ይህን ጥላ ይሉታል፤ ዋጋውም የብሩ ክብደት ብቻ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ሉባባ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ወደ ሐጂ ሱቅ መጣች። እህል በበቅሎ ጭና ቆላ ገበያ እየወረደች ነበር ልጆቿን የምታሳድገው። በቅሎዋ በክረምቱ ገደል ገብታ ሞተችባት። ከእናቷ የወረሰችውን የጠገራ ድሪ ከአንገቷ አውልቃ አስቀመጠች።

"ሐጂ፣ ከነዚህ አንዱ ፊደሉ ድርብ ነው ይላሉ። መንታ ከሆነ ሳሊም ሲመጣ ሸጬ በቅሎ እገዛለሁ። ካልሆነ ድሪው የሚያወጣልኝ አህያ ነው። አህያ ደግሞ የቆላውን ዳገት አትችልልኝም።"

ሐጂ ድርብ የተባለውን ጠገራ በአጉሊ መነጽር አዩት። በጥፍራቸው ፊደሉን ሲዳብሱት ጥፍራቸው ሳይሰናከል ተንሸራተተ።

"ጥላ ነው፣ ልጄ" አሉ።

ፊት ለፊት ያለው አንጥረኛ ይማም ከሱቁ ሆኖ ሳቀ። "የሐጂ ዐይን ከፈረደ ይግባኝ የለም! በይ እንግዲህ ለአህያሽ ስም አውጪላት።"

በዚያ ገበያ ብር ከነእድፉ ነው የሚመዘነው። ገዢ ቀድሞ ካጠበው ሸርፎታል ተብሎ ይጠረጠራል፤ ስለዚህ ሚዛን ተነሥቶ ሻጭና ገዢ ሳይጨባበጡ ውሃ አይነካውም። ሚዛኑ ተነሣ፤ ተጨባበጡ። ሉባባ የብሩን ዋጋ ይዛ ወደ ከብት ተራ ወረደች።

ከዙህር ሶላት በፊት ሐጂ ድሪውን ፈትተው፣ ለማቅለጥ እንዲመቻቸው ጠገራዎቹን ሎሚ በተጨመቀበት ሙቅ ውሃ ነከሩ። በአንገት ላይ ዘመን የከረመው ቅቤና አቧራ ለቀቀ። ያንን ጠገራ ሲያወጡት እጃቸው ቆመ። ጠፍጣፋ ደረጃ ያሉት ነገር በእድፍ የተደፈነ ስንጥቅ ኖሯል። በዚህም በዚያም ሙሉ ፊደል። መንታ ነበር።

ይማምን ጠርተው አሳዩት።

"አልሐምዱሊላህ በሉ እንጂ!" አለ ይማም። "ሚዛኑ ተነሥቷል፣ ተጨባብጣችኋል። አላታለሏት፤ አላወቁም።"

"ስገዛ አላውቅም ነበር። አሁን ዐወቅሁ።"

"ስምዎስ? ከዛሬ ጀምሮ ጥላ ነው ባሉ ቁጥር 'ለመሆኑ ታጥቧል ሐጂ?' እያሉ ሊስቁብዎ ነው። ግድ ካሉ ሳሊም ሲመጣ ይሽጡትና ገንዘቡን በሰደቃ ስም ይላኩላት። እሷም በቅሎዋን ታገኛለች፣ እርስዎም ስምዎ ይተርፋል።"

ምክሩ ክፉ አልነበረም፤ ሐጂን ያስፈራቸውም ይኸው ነው። ከወጣትነታቸው ጀምረው ያቆሙት ስም ነበር። ጠገራውን በመዳፋቸው ገለበጡት።

"የራሷን ንብረት ሰደቃ ብዬ ብሰጣት ዱዓ ታደርግልኛለች" አሉ በመጨረሻ። "በሰው ንብረት ዱዓ ልግዛ?"

በገበያ ቀን ሱቃቸውን ዘግተው፣ የሚያማቸውን ጉልበት እየጎተቱ ወረዱ።

ሉባባ ከአንዲት ግራጫ አህያ አጠገብ ቆማለች። እንደ ከብት ተራው ልማድ እጇ ከሻጩ እጅ ጋር በነጠላ ተሸፍኖ፣ ዋጋውን በጣት ይከራከራሉ። ሻጩ ሐጂን ሲያይ "አህያም ማቅለጥ ጀመሩ እንዴ?" አለ።

"ልጄ፣ እጅሽን አውጪ" አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ጠዋት በሰው ፊት ጥላ ነው አልኩሽ። ተሳስቻለሁ፤ በሎሚ ውሃ ሳጥበው እድፉ ለቀቀ። መንታ ነው።"

ሰው ሁሉ ዞረ። ሉባባ ፊቷ ተኮሳተረ። "ሐጂ፣ አዝነውልኝ ከሆነ ይቅር። ምጽዋት ፍለጋ አልወረድኩም።"

"ምጽዋት ቢሆን ገንዘቤን አልጠይቅሽም። ለዚህ ጠገራ የከፈልኩሽን መልሺልኝና ንብረትሽን ውሰጂ።"

ሉባባ ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ገንዘቡን መለሰችና ጠገራውን ተቀብላ በጥፍሯ ፊደሉን ዳበሰች።

"ጥፍሬን ያዘው" አለች ቀስ ብላ።

"ኧረ ጉድ!" አለ አህያ ሻጩ። "ገበያዬን በሎሚ ውሃ አጠቡብኝ!" ሐጂም ሳይቀሩ ሳቁ።

ሳሊም መጥቶ ጠገራውን ገዛ። ሉባባም ዳገት የምትችል በቅሎ ከነኮርቻዋ ገዝታ ወደ ቆላ ገበያ ተመለሰች። ሐጂ በሱቃቸው በር ላይ የሎሚ ውሃ የተሞላ ገንዳ አኖሩ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ይመዝናሉ፤ ቀጥለው ሻጩ እያየ ያጥባሉ፤ ዐይተው ሲያበቁ ይጨባበጣሉ። ይማም የተናገረው ፌዝ አልቀረም፤ ሰዉ "ታጥቧል ወይ?" እያለ ይስቅ ነበር። እየሳቀም ብሩን ወደ ሐጂ ያመጣ ነበር። ውሎ አድሮ ይማም ራሱ ገንዳ ገዛ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሶላት ሲመለሱ ይማም "ያን ቀን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን አስጮኸዎት?" ሲል ጠየቃቸው።

"ጠዋት የተሳሳትኩት ማተሚያው እንደሚንቀጠቀጠው ነው፤ ጉዳቱ በአንድ ጠገራ ላይ ይቀራል" አሉ ሐጂ። "ዐውቄ ዝም ብል ግን ብረቱ ራሱ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሁሉ ያንኑ ይዞ ይወጣል።"

በዚህ ታሪክ ተአምር የለም። ሎሚ፣ ሙቅ ውሃና በሰው ፊት የተነገረ አንድ ቃል አለ። ሰው ነንና እጃችን መንቀጥቀጡ አይቀርም፤ በዚህ ደጉም ክፉውም እኩል ነው። የሚለያዩት እድፉ ለቆ ሐቁ ከታየ በኋላ ነው። ያኔ ኒያችን፣ የሥራችን ሐሳብ፣ በልብ ይቀረጻል፤ የነገ ሥራችንም በእሱ ይታተማል። ሐጂ ሙዘይን በዚያ ቀን የመለሱት የአንዲትን ሴት ጠገራ ነው፤ የጠበቁት ግን ብረቱን ነው።