ፈቀቅ በሉልኝ ያለችው ፍሬም

ተረት ተረት፣ የንብ ቤት።

የማር እንጀራ የሚሠራባቸው አሥር የእንጨት ፍሬሞች በአንድ ቀፎ ውስጥ ተጠጋግተው ተሰቅለው ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ኩሩ ፍሬም፣ «እስቲ ፈቀቅ በሉልኝ፤ እኔ ማር የምይዘው ሰፋ ብዬ ስቀመጥ ነው» አለች። ጎረቤቶቿ ጠብ ስለማይወዱ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቦታ ለቀቁላት።

ንብ መጥታ፣ «ይህ ባዶ ቦታ የማን ነው?» አለች።

«የእኔ ነዋ!»

«እኛ ባዶ ቦታ አንወድም» አለችና ሰሟን አውጥታ መሥራት ጀመረች። በወሩ እንጀራው ክፍተቱን ሞልቶ ኩሩዋን ከጎረቤቷ ጋር አጣበቃት።

ንብ አናቢው ቢስባት አልወጣ አለች። በቢላ ሲያላቅቃት እንጀራው ተቀዶ ማሩ ወለል ላይ ፈሰሰ። ባዶ እንጨቷን መልሶ ሰቀላት።

ኩሩዋ ግራ ቀኟን አየችና፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፤ ብርድ ነው» አለች።

ተረቴን መልሱ፣ የፈሰሰውን ማር አብሱ።