«አዲስ ልብስ» የሚለው ታፔላ

ምናልባት አንዳንዱን ቃል አሳስቼው ይሆናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነበር። በሰፈራችን አሮጌ ሸሚዞችን እየተረተረች የልጆች ቀሚስ የምትሰፋ ሴት ነበረች። በሯ ላይ «አዲስ ልብስ» የሚል ታፔላ ሰቅላለች። ከሌላ ወረዳ ተዛውረው የመጡት የወረዳችን ንግድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አንድ ቀን ገቡና አንዱን ቀሚስ አንስተው፣

«ይሄ ትናንት የሰው ሸሚዝ አልነበረም? አሮጌውን አዲስ እያልሽ ሕዝብ ታታልያለሽ! ታፔላው ዛሬውኑ ይውረድ፤ አለዚያ ቤቱን አሽገዋለሁ!» አሏት።

ሴትየዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«ጌታዬ፣ እርስዎንስ በስብሰባው ላይ ‹አዲሱ ኃላፊያችን› ብለው ሲያስተዋውቁን አጨብጭበን አልተቀበልንም? እኔ እንኳ አዲስ የምለው ተርትሬ፣ አጥቤ ነው።»

በኋላ አጣርቻለሁ፤ ታፔላው አልወረደም። ኃላፊው ግን ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውረው፣ እዚያም «አዲሱ ኃላፊ» ተብለዋል።